የአስማታዊ ዕቃዎች የቤት ደንብ

የአስማታዊ ዕቃዎች የቤት ደንብ በጠረጴዛ ዙሪያ በሚካሄዱ የሚና ጨዋታዎች አንድ የተጫዋቾች ቡድን ስለ አስማታዊ ዕቃዎች አጠቃቀም በመጽሐፍ የታተመውን ሕግ በመለወጥ፣ በመጨመር ወይም በመተው ለራሱ የሚያወጣው ስምምነት ነው። ደንቡ የሚጸናው በተስማማበት ቡድን ውስጥ ብቻ ነው። ይህ መጣጥፍ በዋናነት የደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን 5ኛ እትም ይመለከታል።

መነሻ

ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ በጋሪ ጋይጋክስና በዴቭ አርነሰን ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ ታተመ። በጨዋታው አንዱ ተሳታፊ የጨዋታ መሪ ሆኖ ዓለሙንና ጠላቶቹን ይመራል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይይዛሉ። ውጤቱ የማይታወቅ ድርጊት በዳይስ ይወሰናል። መሪው ሕጉን ከቡድኑ ጋር እንዲያስማማ መጽሐፎቹ ራሳቸው ስለሚፈቅዱ የቤት ደንብ ከጨዋታው ጋር አብሮ የኖረ ልማድ ነው።

የታተመው ሕግ

እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው 5ኛ እትም ኃይለኛ የሆኑ ብዙ ዕቃዎች ከባለቤታቸው ጋር «ትስስር» ያስፈልጋቸዋል። ገጸ ባሕርይው ቢያንስ 1 ሰዓት በሚወስድ አጭር ዕረፍት ትኩረቱን በዕቃው ላይ በማድረግ ይተሳሰራል። በአንድ ጊዜ ከ3 ዕቃዎች በላይ መተሳሰር አይቻልም። የገደቡ ዓላማ አንድ ገጸ ባሕርይ ዕቃ በማከማቸት ብቻ ከጓደኞቹ እጅግ እንዳይበልጥ ነው።

የተለመዱ የቤት ደንቦች

የትስስር ብዛት፦ አንዳንድ ቡድኖች በ3 ፋንታ የገጸ ባሕርይውን የብቃት ጭማሪ እንደ ገደብ ይወስዳሉ። ይህ ቁጥር በ1ኛ ደረጃ 2 ሲሆን በ17ኛ ደረጃ 6 ይደርሳል። ስለዚህ ጀማሪዎች ከታተመው ሕግ ያነሰ፣ የበሰሉት ደግሞ የበለጠ ያገኛሉ። ነገር ግን አርቲፊሰር የተባለው የሙያ ክፍል በ10ኛ ደረጃ 4 ዕቃዎችን መያዙ ልዩ መብቱ ነው። በዚህ የቤት ደንብ ሌሎችም በ9ኛ ደረጃ 4 ስለሚይዙ የመብቱ ዋጋ ይጠፋል።

ፈዋሽ መጠጥ፦ ተራው ፈዋሽ መጠጥ ሁለት ባለ 4 ገጽ ዳይሶች ተጥለው 2 ሲደመር የሚገኘውን ያህል የሕይወት ነጥብ ይመልሳል። ትንሹ 4፣ ትልቁ 10፣ አማካዩ 7 ነው። በ2014ቱ ሕግ መጠጣት የተራውን ዋና ድርጊት ስለሚወስድ የቆሰለው ተዋጊ በዚያ ተራ ሰይፉን አይሰነዝርም። ለዚህም ብዙ ቡድኖች መጠጡን በተጨማሪ ድርጊት መጠጣት ፈቀዱ። ሌሎች ደግሞ በችኮላ የጠጣ ዳይስ እንዲጥል፣ ዋና ድርጊቱን የሰጠ ግን ያለ ዳይስ ሙሉውን 10 እንዲያገኝ ወሰኑ። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው የተሻሻለው ሕግ ፈዋሽ መጠጥን በተጨማሪ ድርጊት እንዲጠጣ አድርጓል።

መለየትና እርግማን፦ በ2014ቱ ሕግ ያልታወቀ ዕቃን በአጭር ዕረፍት መርምሮ ምንነቱን ማወቅ ይቻላል። ይህ ምስጢሩን ያቀለዋል የሚሉ ቡድኖች የመለየት አስማትን ወይም ሙከራን ግዴታ ያደርጋሉ። ሕጉ ግን እርግማን ብዙውን ጊዜ በምርመራ እንደማይገለጥ ስለሚደነግግ፣ ተጫዋቹ ሳያውቅ ከተረገመ ሰይፍ ጋር ሊተሳሰር ይችላል። እርግማኑ ሳይነሳም ትስስሩን በፈቃዱ አይፈታም። አንዳንድ መሪዎች ስለዚህ አስቀድሞ ፍንጭ እንዲኖር ያደርጋሉ።

ቻርጅ፦ የአስማት ፍላጻ በትር 7 ቻርጅ አለው። የመጨረሻው ሲያልቅ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጣላል፤ 1 ከወጣ በትሩ ይጠፋል። ይህን የሚተዉ ቡድኖች አሉ። ሆኖም ተጫዋቹ የመጨረሻውን ቻርጅ ለክፉ ቀን የሚቆጥብበት ምክንያት አብሮ ይቀራል።

ጥቅምና ችግር

የቤት ደንብ ጨዋታውን ያፋጥናል፤ ከቡድኑ ፍላጎት ጋርም ያስማማዋል። በሌላ በኩል አንድ ሕግ ሲነካ በእሱ ላይ የተመሠረቱ ሌሎችም ይናጋሉ። መጠጥ ሲቀል የፈዋሹ ተጫዋች ሚና ይቀንሳል፤ ጠላቶችም በዚያው ደንብ ሊጠጡ ይችላሉ። ትልቁ ጠብ የሚነሳው ግን በውጊያ መካከል ደንብ ሲለወጥ ነው፤ ተጫዋቹ ገጸ ባሕርይውን ያሳደገውና ወርቁን ያወጣው በቀድሞው ሕግ ተማምኖ ነውና። በዚህ ምክንያት የቤት ደንቦች ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ተጽፈው ለሁሉም ቢሰጡ ይመረጣል። ለውጥ ካስፈለገም በሁለት የጨዋታ ቀናት መካከል ተመክሮበት፣ ጉዳት የሚደርስበት ተጫዋች ምርጫውን እንዲያስተካክል ዕድል ይሰጠዋል።