ከድል በኋላ የሚገኝ ጥበብ፤ ስለ ዐድዋ ያለን አስተያየት

ስለ ዐድዋ ጦርነት ክርክር ሲነሣ «ድሉ አስቀድሞ የታወቀ ነበር፤ ጣልያኖችን ትዕቢት አሳወራቸው» ሲባል እንሰማለን። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በነገሩ ውስጥ ሁለት ስሕተቶች መኖራቸውን ማስረዳት ነው፤ አንደኛው የጣልያኖች፥ ሁለተኛው የእኛ ነው።

ጀኔራል ባራቲዬሪ በጥር 1887 ዓ.ም. በኰዓቲትና በሰንዓፌ ራስ መንገሻ ዮሐንስን ድል አድርጎ ስለ ነበር፥ ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ በታላቅ ክብር ተቀበሉት። ከዚያ ድል የተወለደው ግምት ሥር ሰደደ። ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. በአምባ አላጌ የማጆር ቶዜሊ ጦር ሲደመሰስ፥ በጥርም የመቀሌ ምሽግ ሲለቀቅ፥ የሮማ መንግሥት ግምቱን አልመረመረም። እንዲያውም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ የካቲት 18 ቀን በላከው ቴሌግራም ጀኔራሉን ስለ መዘግየቱ ነቀፈው። ሰው የወደደውን ሐሳብ የሚያፈርስ ማስረጃ ሲመጣበት ማስረጃውን እንጂ ሐሳቡን አይጠራጠርም።

ይሁን እንጂ ባራቲዬሪ ራሱ ፈጽሞ አልታወረም። የካቲት 21 ቀን ማታ አራቱን የብርጌድ አዛዦች ሰብስቦ ስለ ማፈግፈግ አማከራቸው፤ እነርሱ ግን ማፈግፈግን እንደ ውርደት ቈጥረው ውጊያን መረጡ። በእኛም በኩል 100,000 ያህል የሚሆነው የዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት ስንቁ እያለቀበት ስለ ነበር፥ በዚያ ሰፈር ብዙ ቀን ሊቈይ አይችልም ነበር። ባራቲዬሪ ጥቂት ቀን ቢታገሥ፥ ወይም የአልቤርቶኔ ብርጌድ በካርታ ስሕተት የኪዳነ ምሕረትን ኮረብታ ፍለጋ ብቻውን ወደ ፊት ባይገፋ ኖሮ፥ የካቲት 23 ቀን እንደ ሆነው ይሆን ነበር ለማለት አይቻልም።

እኛ ግን ፍጻሜውን ስለምናውቅ ሁሉ ነገር ግልጽ የነበረ ይመስለናል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው። ይህን ማለት የአባቶቻችንን ክብር መቀነስ አይደለም። ድሉ አስቀድሞ የተቈረጠ ቢሆን ኖሮ ለጀግንነት ምን ስፍራ ይቀርለት ነበር?

እንግዲህ የታሪክ ተማሪ ውጤቱን በእጁ ሸፍኖ፥ ሰዎቹ በዚያች ሌሊት ምን ያውቁ እንደ ነበር ይጠይቅ። ያለፈ ድል ለሚመጣው ዋስትና አለመሆኑን መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ አይተናል። ከኰዓቲት የራሱን ብርታት ብቻ የተማረው ጀኔራል የት እንደ ደረሰም እናውቃለን። ከዐድዋ የማንሸነፍ መሆናችንን ብቻ የምንማር ከሆነ፥ እኛም የእርሱ ደቀ መዛሙርት ነን።