የናባጋው ሊቅ፣ የሀገሩ ሳቅ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ዛሬ የምተርክላችሁ የአለቃ ገብረ ሐናን ነገር ነው። ስማቸውን ሰምታችሁ ገና ካሁኑ ፈገግ ያላችሁ አላችሁ፤ አልፈርድባችሁም። ካረፉ መቶ ዓመት አልፎ ስሙ ብቻውን ሰው የሚያስቅ በሀገራችን ስንት አለ? ቀልዳቸውን ግን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ በየለቅሶ ቤቱ፣ በየሠርጉ፣ በየአውቶቡሱ ይወራል። እኔ የማወጋችሁ ያ ቀልድ ከየት እንደ ፈለቀና ባለቤቱን ምን እንዳስከፈለው ነው።

ከወረታ ተነስታችሁ ወደ ደብረ ታቦር ሽቅብ ስትወጡ ወደ ኋላ ዞር ብትሉ የፎገራ ሜዳ ተዘርግቶ ይታያችኋል። ርብና ጉማራ ከጉና ደጋ ያመጡትን ውኃ እዚያ ሜዳ ላይ እያፈሰሱ ጣና ይገባሉ። ክረምት ሲበረታ ሜዳው ራሱ ሐይቅ ይመስላል፤ መስከረም ጠብቶ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ ገበሬው በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል። ናባጋ ጊዮርጊስ የምትገኘው እዚያው ሜዳው ጫፍ፣ ከጣና አጠገብ ነው። ገብረ ሐና በ1814 ዓ.ም. በኅዳር ወር የተወለዱት እዚህ ነው። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር፤ ጎንደር ላይ በስም የነገሠ ንጉሥ፣ ደብረ ታቦር ላይ ደግሞ በጉልበት የሚገዛ የየጁ ራስ ነበር። ልጁ ያደገው ሁለት ጌታ ባለበት አገር ነው ማለት ነው፤ ከሁለቱ ጋር ለመኖር ምላስን ማሰልጠን ይበጃል።

ምላስ የሚሰለጥነው ደግሞ ቅኔ ቤት ነው። ልጁም ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንጠልጥሎ፣ የመንደሩን ውሻ በዱላ እየመከተ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ እየለመነ ወደ ጎጃም ተሻገረ። የቅኔ ተማሪን ኑሮ ልብ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ከሰፈሩ ወጣ ብሎ፣ ከዛፍ ወይም ከቋጥኝ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል። መጀመሪያ ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት። ከዚያ እያደገ እያደገ ስምንት ቤቱን መወድስ ይደርሳል። ማታ መምህሩ ፊት ቆሞ ይነግራል፤ ከጎደለ ይታረማል። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ ነገም አዲስ ማምጣት አለበት።

ይህን አስቡልኝ። ሰውን በማሳቅ እንጀራውን የሚበላ ሰውም እኮ የተባለ ቀልድ ደግሞ ቢያመጣ አድማጩ ፊት ይነሳዋል። አንዱን ቃል በሁለት በኩል ማየት፣ ሰዓቱን መጠበቅ፣ አድማጩ ከመንቃቱ በፊት ወርቁን፣ የተሸሸገውን ትርጉም፣ ጣል አድርጎ ዝም ማለት፤ ይህን ሁሉ አለቃ የተማሩት ከቧልተኛ ሳይሆን ከመምህር እግር ሥር ነው። ስለዚህ «ሊቅ ነበሩ፤ ቀልድም ይወዱ ነበር» ሲባል እኔ አይዋጥልኝም። ቀልዱ የትምህርታቸው ፍሬ ነው።

ከቅኔው በኋላ ወደ ጎንደር ወጡ። የማሕሌቱን አቋቋም፣ ሐዲሳቱን፣ ፍትሐ ነገሥቱን፣ ባሕረ ሐሳቡን ጠንቅቀው አወቁ። ገና በወጣትነታቸው በጎንደር በአታ ወንበር ዘርግተው አስተማሩ። በመዓድ ደግሞ የማይጠገቡ ሆኑ። አንድ ጊዜ፣ ይባላል፣ ግብዣ ተጠርተው ሲሄዱ የቀረበው ወጥ ቀጥኖ ቀጥኖ ሥጋው የት እንደ ገባ አይታይም። አለቃ እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡ፤ ወጡን አዩት፤ ከዚያ ኩታቸውን አውርደው አጠፉና ቀሚሳቸውን ለማውለቅ ይታገሉ ጀመር። «ምነው አለቃ! ምን ሆኑ?» ብትል ባለቤቲቱ ደንግጣ፣ «ሥጋው ከሥር ሳይሆን አይቀርም፤ ዋኝቼ ላውጣው ብዬ ነው» አሏት። እዚህ ላይ እጃቸውን ተመልከቱልኝ። ነገሩን በቃል ብቻ ቢናገሩት ኖሮ ስድብ ነበር። ኩታ አጥፎ ማስቀመጡ፣ ረጋ ብሎ መነሳቱ ግን ትወና ነው። የዛሬ የፊልም ተዋናይ ይህን ትዕይንት ለመሥራት ካሜራ፣ መብራትና ድጋሚ ቀረጻ አለው። አለቃ ያላቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር።

ተመልካቹም ሁልጊዜ ጨዋ ባለቤት አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ነገሡ፤ ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አደረጉ፤ በአጠገቧ ጋፋት ላይ መድፍ አስቀለጡ። ከካህናቱ ጋር ግን አልተስማሙም። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ የተረፈው መሬት ግብር ለሚከፍል ገበሬ ይሁን አሉ። ጎንደር ከዚህ በኋላ ሰላም አላገኘችም፤ በ1859 ዓ.ም. ከተማዪቱ ተዘረፈች፣ ተቃጠለችም። እንግዲህ የጎንደር ሊቅ የሆነ፣ ያውም ምላሱን የማይዝ ሰው በዚህ ንጉሥ ፊት ሲቆም አስቡት። ቴዎድሮስ ስለ ገብረ ሐና ሲናገሩ፣ ፍትሐ ነገሥት ጻፍ ቢሉት፣ ፍርድ ስጥ ቢሉት ይችላል፤ ቀልድ ተው ቢሉት ግን አይችልም አሉ ይባላል። ቁጣም አለበት፣ አክብሮትም አለበት። የኋላ ኋላ ቁጣው አሸነፈና አለቃ ከንጉሡ ዐይን መራቅ ግድ ሆነባቸው።

ስደቱ ነው እንግዲህ ትልቁን ሥራቸውን ያስገኘ። በጣና ምሥራቅ በኩል ሬማ መድኃኔ ዓለም አለች፤ አፄ ሠርፀ ድንግል ያረፉባት ገዳም ናት። አለቃ እዚያ ተጠግተው ሳለ ሐይቁን ያዩታል። ማዕበሉ ይመጣል፤ ዳር ያለው ደንገል ወደ ግራ ይዘነበላል፤ ማዕበሉ ይመለሳል፤ ደንገሉም ወደ ቀኝ ይመለሳል፤ ሁሉም በአንድነት፣ አንዱም ሳይቀድም አንዱም ሳይዘገይ። የናባጋ ልጅ ይህን ከሕፃንነቱ ጀምሮ አይቶታል። አሁን ግን ያየው የአቋቋም መምህር ሆኖ ነው። ከዚህ ተነስተው ለዝማሜ አዲስ ስልት አወጡለት ይላሉ ሊቃውንቱ፤ ካህናቱ በግራና በቀኝ ተሰልፈው፣ መቋሚያውም አካሉም እንደ ማዕበሉ ሄዶ የሚመለስበትን።

ጎንደር አልተቀበለችውም። የአባቶችን ሥርዓት የጠበቀ ደብር እንዲህ ያለውን አዲስ ነገር ቶሎ አይቀበልም፤ እኔም አልወቅሳቸውም። አለቃ ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩ። ተክሌ ደግሞ ወደ ደብረ ታቦር ይዞት ወጣ፤ በዚያው አስተማረ፤ ደቀ መዛሙርቱም በየአገሩ በተኑት። ስሙም በልጁ ተጠራ፤ ተክሌ አቋቋም። አባት ፈጠረ፣ ልጅ አስፋፋ፣ ስሙ የልጁ ሆነ። አለቃ በዚህ ነገር ቅር ያላቸው አይመስለኝም።

በነሐሴ 13 ሌሊት፣ የደብረ ታቦር በዓል ሲከበር፣ ደብረ ታቦር ኢየሱስ ገብታችሁ ብትቆሙ ሥራቸውን በዐይናችሁ ታያላችሁ። መጀመሪያ ቁም ዜማው ነው፤ መሣሪያ የለውም። ከዚያ ዝማሜው ይጀምራል፤ መቋሚያው ይነሳል፣ ይወርዳል፣ ወደ ጎን ይሄዳል። ቀጥሎ ከበሮው ገብቶ መረግዱ፣ ከዚያም ጽፋቱ ይፈጥናል። ውጭ ልጆች ጅራፍ ያጮሃሉ፤ ሙልሙል ይጋገራል። እዚያ ውስጥ ማንም አይስቅም፤ የምታዩት ግን የዚያው የሚያስቁን ሰውዬ እጅ ነው።

አለቃ በመጨረሻ ዘመናቸው ሸዋ ድረስ ወርደው በአፄ ምኒልክና በእቴጌ ጣይቱ ቤተ መንግሥት አካባቢ ታይተዋል። ንጉሡ ይስቁላቸው ነበር፤ እቴጌይቱ ግን አንዳንዱ ኅብረ ቃል እሳቸውን እንደሚነካ ቶሎ ይገባቸው ነበርና ይቆጡ ነበር ይባላል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ማዘንጊያም ከጨዋታቸው አላመለጡም፤ ግማሹ ወግ የሁለቱ ምልልስ ነው፤ መልስ የማያጡ ሴት ነበሩ። በ1898 ዓ.ም. በ84 ዓመታቸው ዐረፉ።

ካረፉ 15 ዓመት ገደማ በኋላ ደራሲው ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የእንስሳት ኮሜዲያቸውን አዲስ አበባ መድረክ ላይ አወጡ፤ ነገሩ ሹማምንቱን ነካና በንግሥት ዘውዲቱ ትእዛዝ ታገደ። ቀልድ ከመዓድ ወደ ቴአትር ሲሸጋገር ቁጣውም አብሮት መሸጋገሩን ታያላችሁ? ከዚያም እነ ተስፋዬ ካሳ፣ እነ አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ፣ እነ ደረጀና ሀብቴ መጡ፤ በበዓል ምሽት ቴሌቪዥን ፊት ቤተሰቡን ሁሉ የሰበሰቡ።

ዛሬ ስለ ሞባይልና ስለ ባጃጅ የተፈጠረ ቀልድ ሳይቀር «አለቃ ገብረ ሐና አንድ ቀን...» ተብሎ ሲጀመር እሰማለሁ። አዋቂ ነኝ ባይ ያርመዋል። እኔ አላርምም። ይልቅስ ነጋሪውን አስጨርሼው፣ ቀጥሎ ስለ ሬማና ስለ ተክሌ እነግረዋለሁ።