ጥያቄው ቀላል፣ መልሱ አከራካሪ፦ ብዙዎችን የሚያሳስቱ ስድስት የጠቅላላ ዕውቀት ጉዳዮች

ታላቁ የቻይና ግንብ ከጨረቃ ላይ በዓይን ይታያል የሚለው አባባል ለረጅም ዘመን እንደ እውነት ሲነገር ኖሯል። አባባሉ ከሕዋ ጉዞ በእጅጉ ይቀድማል። እንግሊዛዊው የጥንታዊ ቅርሶች አጥኚ ዊልያም ስቱክሊ ግንቡ ከጨረቃ ሊታይ እንደሚችል በደብዳቤ የገመተው በ1754 ነበር፤ የሰው ልጅ ወደ ሕዋ ከመውጣቱ ከ200 ዓመታት በፊት ማለት ነው።

ጨረቃ ከምድር በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ የግንቡ ስፋት ግን ጥቂት ሜትሮች ብቻ ነው። በ2003 ወደ ሕዋ የተላከው የመጀመሪያው ቻይናዊ ጠፈርተኛ ያንግ ሊዌይ፣ ከጨረቃ ይልቅ ለምድር እጅግ በሚቀርብ ምሕዋር ላይ ሆኖም ግንቡን ማየት እንዳልቻለ ተናግሯል።

ከሳይንስ፣ ከስፖርት፣ ከታሪክና ከቋንቋ የተመረጡት የሚከተሉት ስድስት ጉዳዮችም በተመሳሳይ መንገድ ከአፍ ወደ አፍ የተላለፉ ናቸው። «ዓ.ም.» ተብለው ከተጠቀሱት በስተቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

1. የዓለማችን ረጅሙ ተራራ የቱ ነው?

የተለመደው መልስ ኤቨረስት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ሲለካ መልሱ ትክክል ነው፤ ኔፓልና ቻይና በ2020 በጋራ ይፋ ያደረጉት ከፍታ 8,848.86 ሜትር ነው። በሃዋይ የሚገኘው ማውና ኬያ ግን አብዛኛው አካሉ በውቅያኖስ ውስጥ ነው። ከባሕር ወለል ላይ ካለው ግርጌው ጀምሮ ቢለካ ከ10,000 ሜትር ይበልጣል።

ሦስተኛ መለኪያም አለ። ምድር በምድር ወገብ በኩል ወጣ ያለች በመሆኗ፣ ጫፉ ከምድር መሃል እጅግ የሚርቀው ተራራ የኢኳዶሩ ቺምቦራዞ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ከፍታ ግን 6,263 ሜትር ብቻ ነው።

2. ሉሲ ከሁሉም ትቀድማለች?

በኅዳር 1974 በአፋር፣ ሐዳር በተባለ ስፍራ የተገኘችው ሉሲ ወይም ድንቅነሽ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይገመታል። ይሁንና በኢትዮጵያ ከእርሷ የሚቀድሙ ቅሪተ አካላት ተገኝተዋል። በዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን በዲኪካ ያገኛት ሕፃን «ሰላም» 3.3 ሚሊዮን፣ በመካከለኛው አዋሽ የተገኘችው «አርዲ» ደግሞ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ ናቸው።

ታዲያ ሉሲን ታዋቂ ያደረጋት ምንድን ነው? ከአፅሟ 40 በመቶ ያህሉ በአንድነት መገኘቱ ነው። የሰው ዘር ቀደምቶች አንጎላቸው ከመተለቁ በፊት በሁለት እግራቸው ቆመው ይሄዱ እንደነበር ይህ አፅም በግልጽ አሳይቷል።

3. ማራቶን ለምን 42.195 ኪሎ ሜትር ሆነ?

ብዙዎች ርቀቱ አንድ ግሪካዊ መልእክተኛ ከማራቶን እስከ አቴንስ የሮጠው ነው ብለው ያምናሉ። ይሁን እንጂ በ1896 በአቴንስ በተካሄደው ኦሊምፒክ ውድድሩ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ዛሬ የምናውቀው ርቀት የመጣው ከ1908ቱ የለንደን ኦሊምፒክ ነው። ያኔ ሩጫው ከዊንዘር ቤተ መንግሥት ተነሥቶ በስታዲየሙ የንጉሣውያን መቀመጫ ፊት ለፊት እንዲያበቃ ተደረገ። ርቀቱ ቋሚ መለኪያ ሆኖ የጸደቀው በ1921 ነው።

አበበ ቢቂላም በ1960 ሮም ላይ ባዶ እግሩን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ያሸነፈው ይህንኑ ርቀት ነው። ሁልጊዜ በባዶ እግሩ ይሮጥ ነበር የሚሉ ግን ይሳሳታሉ። በ1964 ቶኪዮ ላይ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና በተደረገለት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ጫማ አድርጎ ዳግም አሸንፏል። የኦሊምፒክ ማራቶንን በተከታታይ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሯጭም ሆኗል።

4. በሁለቱ ዘመን አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት ሰባት ዓመት ነው?

ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ሰባት፣ ከአውሮፓውያን አዲስ ዓመት በኋላ ደግሞ ስምንት ነው። ልዩነቱ የመነጨው የክርስቶስ ልደት የተሰላበት መንገድ በመለያየቱ ነው። ኢትዮጵያ የእስክንድርያ ሊቃውንትን ስሌት ስትከተል፣ አውሮፓ በ525 ሮም ውስጥ በመነኩሴው ዲዮኒስዮስ የተዘጋጀውን ተቀበለች።

ጉዳዩ በስደት ለሚኖሩ ብዙዎች የሰነድ ጥያቄ ነው። በጥምቀት ዕለት፣ ጥር 11 ቀን 1982 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ሰባት ብቻ ደምሮ ቅጽ ቢሞላ 1989 ይላል። ትክክለኛው የልደት ቀን ግን ጃንዋሪ 19 ቀን 1990 ነው። በፓስፖርትና በመኖሪያ ፈቃድ ላይ የሰፈረ እንዲህ ያለ የአንድ ዓመት ስሕተት ለማረም ቀላል አይደለም።

ሌላም ለውጥ ይጠበቃል። 2100 በአውሮፓውያኑ ዘንድ ባለ 366 ቀን ዓመት አይሆንም፤ ኢትዮጵያ ግን በየአራት ዓመቱ ስድስተኛዋን የጳጉሜ ቀን መጨመሯን ትቀጥላለች። ስለዚህ የ2093 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ የሚውለው ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን 12 ቀን ይሆናል።

5. «ኮፊ» የሚለው ቃል ከከፋ የመጣ ነው?

የስሞቹ መቀራረብ ብዙዎችን አሳምኗል። የቃላት አመጣጥ አጥኚዎች በአብዛኛው የሚከተሉት መንገድ ግን ሌላ ነው፦ ቃሉ ከዐረብኛው «ቀህዋ» ወደ ቱርክኛው «ካህቬ»፣ ከዚያም ወደ አውሮፓ ቋንቋዎች ተሻገረ ይላሉ። ይህ የተክሉን መነሻ አይለውጠውም። የቡናው ዝርያ «አረቢካ» የተባለው ስዊድናዊው ሊኒየስ በ1753 በሰጠው ሳይንሳዊ ስም ነው፤ ዝርያው ዛሬም በዱር የሚበቅለው ግን በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ነው። አንድ ስም ስለ ተጓዘበት መንገድ እንጂ ስለ ነገሩ መገኛ ላይናገር ይችላል።

6. የአማርኛ ፊደል «አልፋቤት» ነው?

በሥነ ልሳን ጥብቅ ትርጉም፣ አይደለም። በላቲኑ አልፋቤት ተነባቢና አናባቢ ራሳቸውን የቻሉ ፊደላት አሏቸው። በእኛ ፊደል ግን «በ» ቅርጹን ጥቂት ለውጦ «ቡ»፣ «ቢ»፣ «ባ» እያለ አናባቢውን በውስጡ ይይዛል። የሂንዲው ዴቫናጋሪም በዚሁ መርሕ ይሠራል።

አሜሪካዊው የሥነ ጽሕፈት አጥኚ ፒተር ዳንኤልስ በ1990 ለዚህ ዓይነቱ ሥርዓት መጠሪያ ሲፈልጉ ያገኙት ከግዕዝ ነው፦ አቡጊዳ። በመሆኑም በባሕር ማዶ ፊደል የሚቆጥር ሕፃን «አቡጊዳ» ሲል፣ የዓለም ሊቃውንት የሕንድንና የደቡብ ምሥራቅ እስያን ጽሕፈቶች የሚጠሩበትን ቃል እያነበበ ነው።

በሚቀጥለው የጥያቄና መልስ ምሽት «ትልቁ»፣ «የመጀመሪያው» ወይም «ጥንታዊው» የሚል ጥያቄ ቢነሣ፣ ከመመለስዎ በፊት «በምን ተለክቶ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።