ከአንጀት እስከ አንጎል፦ የውፍረት ቀዶ ጥገና የሰባ ዓመት ጉዞ

ዛሬ የአንጎልን የደም ሥር ይታደጋል ተብሎ ተስፋ የተጣለበት ሕክምና ሲጀመር አንጎልን የሚያውክ ነበር። በ1954 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ክሬመን፣ ሊነርና ኔልሰን አብዛኛውን ትንሹን አንጀት ምግብ እንዳያልፍበት አድርገው የላይኛውን ጫፍ ከታችኛው ጋር የሚያገናኝ ቀዶ ጥገና ይፋ አደረጉ። ምግቡ ሳይመጠጥ ስለሚያልፍ ሰውየው መክሳቱ አልቀረም። ጉበቱ ግን ይጎዳል፣ ኩላሊቱ ጠጠር ያበጃል። አንዳንዱ ደግሞ ዳቦ ወይም ፓስታ ጠግቦ ከበላ ከሰዓታት በኋላ ምላሱ ይተሳሰራል፣ እግሩ ይንገዳገዳል፣ የሚናገረው ይጠፋዋል። መጠጥ የሚባል ሳይቀምስ የሰከረ ይመስላል። ምክንያቱ ሳይመጠጥ ወደ ትልቁ አንጀት የወረደው ስታርች ነው። ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት ዲ-ላክቲክ አሲድ ይፈጠራል፣ አሲዱም በደም አድርጎ አንጎል ይደርሳል። ይህ ቀዶ ጥገና ውሎ አድሮ ተተወ።

አማራጩ የመጣው ከጨጓራ ቁስለት ሕክምና ነው። የአይዋ ዩኒቨርሲቲው ኤድዋርድ ሜሰን በቁስለት ሳቢያ ጨጓራቸው በከፊል የተቆረጠላቸው ሴቶች ክብደት መጨመር እንደሚያቅታቸው አስተውለው ነበር። ከባልደረባቸው ከቺካሺ ኢቶ ጋር በ1966 የጀመሩት ባይፓስ ዛሬም አለ። ሐኪሙ ከጨጓራው አናት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ከረጢት ለይቶ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ያገናኛታል። ቀሪው ጨጓራ እዚያው ይቀመጣል፣ ምግብ ግን አያገኘውም።

የእኛም ሰው በዚህ ታሪክ ውስጥ አለ፣ ስሙ ሊነሳ ይገባል። በልጅነታቸው በኢትዮጵያ ከብት የጠበቁት ዶክተር ምትኩ በላቸው በ1993 ዊ በተባለች የቤልጅየም ከተማ ሆድ ሳይከፈት፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች በገባ ካሜራና መሣሪያ፣ የሚጠብቅና የሚላላ ቀለበት በጨጓራ አናት ላይ በማሰር የመጀመሪያው ሆኑ። ቀለበቱ ዛሬ በአብዛኛው በሌሎች ዘዴዎች ተተክቷል። ይሁን እንጂ ይህን ሕክምና ከትልቅ የሆድ ቀዶ ጥገና አውጥተው ብዙ ሰው ወደሚደፍረው ደረጃ ካደረሱት አንዱ እሳቸው ናቸው።

እስከዚያ ድረስ ሁሉም የሚያየው ሚዛን ነበር። የአንጎል ጉዳይ የመጣው በሌላ በር ነው። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ሳለ ሰውነት ከሚጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ይህን የሚያደርሱለት እጅግ ቀጫጭን የደም ሥሮች ናቸው። ከመጠን ያለፈ ውፍረት የደም ግፊትን፣ ስኳርንና በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቆራረጥን ይዞ ይመጣል። በሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚከማቸው ስብ ደግሞ ብግነት የሚያስነሱ ንጥረ ነገሮችን ወደ ደም ይለቃል። ቀጫጭኖቹ ሥሮች ግድግዳቸው ይወፍራል፣ መለጠጥና መኮማተር ያቅታቸዋል። ጉዳቱ ስትሮክ ሆኖ ባይፈነዳ እንኳ ማሰብን እያዘገየ ይዘልቃል። በ2005 የታተመ የካሊፎርኒያ ጥናት ከ40 እስከ 45 ዓመት ሳሉ የተመዘኑ 10,276 ሰዎችን በአማካይ ለ27 ዓመት ተከታትሎ፣ በዚያ ዕድሜ ከልክ በላይ ወፍራም የነበሩት በእርጅና ዘመናቸው ለመርሳት በሽታ የመጋለጥ ዕድላቸው በ74 በመቶ ከፍ እንደሚል አሳየ።

ታዲያ ክብደቱ ሲቀንስ የደም ሥሩ ይድናል? ከስዊድን የተገኘው መልስ ለእኔ ከሁሉም የሚያሳምን ነው። በ1987 የተጀመረው ጥናት ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን 2,010 ሰዎች በተለመደው ሕክምና ከቀጠሉ 2,037 ሰዎች ጋር አነጻጸረ። በ2012 በወጣው ውጤት በልብና በደም ሥር ሕመም የሞቱት ከመጀመሪያዎቹ 28፣ ከሁለተኞቹ 49 ነበሩ። ድንገተኛ የልብ ጥቃትና ስትሮክ አንድ ላይ ሲቆጠሩ፣ የመከሰት ዕድላቸው በሲሶ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ደግሞም ጥቅሙ ሰውየው መጀመሪያ ከነበረው የክብደት ብዛት ጋር የተያያዘ አልነበረም። ይበልጥ የወፈረው ይበልጥ አልተጠቀመም። ይህ ሚዛንን ብቻ እያዩ መወሰን ስህተት መሆኑን በግልጽ ይናገራል።

ስለ ማስታወስና ስለ ማሰብ የመጡት ማስረጃዎች ከዚህ ያነሱ ናቸው፣ ግን ችላ የሚባሉ አይደሉም። በአሜሪካ የጆን ገንስታድ ቡድን በ2011 ባወጣው ጥናት የማስታወስ ችሎታ ከቀዶ ጥገናው በ12 ሳምንት ውስጥ ሲሻሻል ታየ። በ2024 የታተመው ባሪኮ የተባለ የኔዘርላንድ ጥናት ደግሞ ከ35 እስከ 55 ዓመት የሆናቸውን 133 ሰዎች ባይፓስ ከመደረጉ በፊትና ከሁለት ዓመት በኋላ በማስታወስና በትኩረት ፈተናዎች መዘነ፣ የአንጎል ምስልም በኤምአርአይ አነሳ። 42.9 በመቶ የሚሆኑት አጠቃላይ የማሰብ ውጤታቸው ቢያንስ በ20 በመቶ ተሻሻለ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱት ከግማሽ በላይ ቀነሱ። በደም ውስጥ የብግነት ምልክት የሆነው ሲአርፒ በአማካይ ከ4.77 ወደ 0.80 አሽቆለቆለ። ከጆሮ በላይ ባለው የአንጎል ክፍል የላይኛው ንብርብር ወፈር ብሎ፣ ደሙም ወደዚያ ይበልጥ በተስተካከለ ሁኔታ ሲደርስ ታየ።

ሁሉም ግን አልተሻሻለም። በብዙ የአንጎል ክፍሎች የደም ፍሰቱ እንዲያውም ቀንሷል፣ ጥናቱም ቀዶ ጥገና ያልተደረገለት ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም። ለሁለተኛ ጊዜ የሚፈተን ሰው ፈተናውን ስለለመደው ብቻ ሊሻሻል ይችላል። ከዚህም በላይ ተሳታፊዎቹ የመንፈስ ጭንቀታቸው ቀንሷል፣ ይህም ራሱ አእምሮን ያነቃል። ስለዚህ ቀዶ ጥገናውን የመርሳት በሽታ መከላከያ ነው ብሎ ማሻሻጥ ያልደረሰ እህል ማጨድ ነው። ለስትሮክ ግን የተሻለ መሠረት አለው።

አሁን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። አንጎልን የሚጠቅመው ቀዶ ጥገና ክትትል ከሌለው መልሶ አንጎልን ይጎዳል። ታያሚን የተባለው ቫይታሚን ቢ1 በሰውነት ውስጥ የሚከማቸው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚያስመልሰው ሰው ያንን ይጨርሳል፣ ካርል ቬርኒከ በ1881 የገለጹት የአንጎል ሕመምም ይከተላል። ሰውየው ይደናገራል፣ ዓይኑ እንደልቡ አይንቀሳቀስም፣ ሲራመድ ይንገዳገዳል። በጊዜ ካልተደረሰለት የማስታወስ ችሎታው እስከ መጨረሻው ሊጠፋ ይችላል። ቢ12 ደግሞ በጉበት ውስጥ ለዓመታት ስለሚከማች ጉድለቱ ሁሉም ነገር ደኅና መስሎ ከቆየ በኋላ ነው ብቅ የሚለው። ይህ ለጾመኛ የተለየ ትርጉም አለው። ቢ12 የሚገኘው በዋናነት ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው፤ ባይፓስ የተደረገለት ሰው ያንንም እንኳ በደንብ አይመጥም።

በሰው አገርም ይሁን በአገር ቤት ይህን ቀዶ ጥገና ያደረጋችሁ ወይም ልታደርጉ ያሰባችሁ፣ ከሐኪማችሁ ጋር ስትነጋገሩ ስንት ኪሎ እንደምትቀንሱ ብቻ አትጠይቁ። የምትወስዱትን ቫይታሚን፣ ደማችሁ በየስንት ጊዜው እንደሚመረመር፣ የጾም ወራትን እንዴት እንደምታሳልፉ ጠይቁ። ቫይታሚኑ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ መሆኑንም ለቤተሰብ ንገሩ። ደጋግሞ ካስመለሳችሁ፣ መንገዳገድ ወይም ነገር መምታታት ካያችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ። የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ሂዱ፣ ስትደርሱም ይህ ቀዶ ጥገና እንደተደረገላችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። ምክንያቱም ታያሚን ላለቀበት ሰው ግሉኮስ ከመሰጠቱ በፊት ታያሚን መሰጠት አለበት።