የተረሳው ሕግና የሀድሰን ዓሣ አጥማጆች

ያጠመዳችሁት ዓሣ ናፍጣ ናፍጣ ቢልና ገዢ ቢያጣስ ምን ታደርጋላችሁ? በ1960ዎቹ (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) ከኒውዮርክ ከተማ በስተሰሜን፣ በሀድሰን ወንዝ ዳር ይኖሩ የነበሩ ዓሣ አጥማጆችን የገጠማቸው ይኸው ነበር። የፔን ሴንትራል ባቡር ኩባንያ ቱቦ ዘይት ወንዙ ውስጥ ይለቃል። ተናደዱ፤ ቱቦውን በፍራሽ እንድፈነው ያሉም እንደነበሩ ይነገራል። ደግነቱ በ1966 ማኅበር ሲያቋቁሙ ቦብ ቦይል የተባለ ጋዜጠኛ፣ ራሱም ዓሣ ማጥመድ የሚወድ፣ አንድ የተረሳ ሕግ አስታወሳቸው። የ1899ኙ ሕግ ወንዝ ውስጥ ቆሻሻ መጣልን ይከለክላል። የሚገርመው ግን ሌላው ነገር ነው፦ ጥፋተኛውን ለጠቆመ ሰው የቅጣቱ ግማሽ ሊሰጠው ይችላል! ጠቆሙ፤ ኩባንያው ተቀጣ፤ ለማኅበሩም 2,000 ዶላር ደረሰው። በዚያ ብር ምን ያደረጉ ይመስላችኋል? ሌሎቹን በካዮች ማሳደድ ጀመሩ። በ1983 ደግሞ ወንዙን በጀልባ እየዞረ የሚጠብቅ ሰው ቀጠሩ።