የከሰል ቆፋሪዎቹ አቤቱታ

እስቲ ቀረብ በሉና ስሙኝ። የማወጋችሁ ስለ አሜሪካ የከሰል ቆፋሪዎች ማኅበር ነው፤ ስለ አንድ ምርጫና የሚሰማው ስላጣ አቤቱታ።

ነገሩ ከፍንዳታ ይነሣል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 20 ቀን 1968 ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ፋርሚንግተን አጠገብ አንድ የከሰል ጉድጓድ ፈነዳና 78 ሠራተኞች ሞቱ። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ቶኒ ቦይል ወደ ስፍራው መጣ። ሚስቶች የባሎቻቸውን ወሬ እየጠበቁ ነው። እሱ ምን አለ መሰላችሁ? ኩባንያውን፣ ለሠራተኛ ደኅንነት የሚያስብ ነው ብሎ አመሰገነው! ከወር ደመወዙ መዋጮ የሚከፍል ቆፋሪ ይህን ሰምቶ ልቡ ቢሸፍት ማን ይፈርድበታል?

በሚቀጥለው ዓመት፣ በሜይ ወር መጨረሻ፣ ጆሴፍ ያብሎንስኪ ከቦይል ጋር እወዳደራለሁ ብሎ ተነሣ። ወዳጆቹ ጆክ ይሉታል። ከውጭ የመጣ ሰው አልነበረም፤ ለዓመታት በማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ቦርድ ውስጥ የተቀመጠ፣ የቤቱን ጓዳ የሚያውቅ ነው። በዚያ ማኅበር ደግሞ ፕሬዚዳንቱን የሚገዳደር ብርቱ ተፎካካሪ ከታየ 40 ዓመት አልፎ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ። በአባላቱ መዋጮ የሚታተመው የማኅበሩ ጋዜጣ ቦይልን ብቻ ያወድስ ጀመር። ምርጫው በመጣበት ዓመት የጡረተኞች አበል በወር ከ115 ወደ 150 ዶላር ከፍ አለ፤ ጡረተኞቹም ድምፅ አላቸው። በጁን ወር ያብሎንስኪ ኢሊኖይ ውስጥ ስፕሪንግፊልድ ላይ ከደጋፊዎቹ ጋር ሊነጋገር ሄዶ ከኋላው ተመትቶ ራሱን ስቶ ወደቀ።

ሰውየው ዝም አላለም። ጠበቃው ጆሴፍ ራው ፍርድ ቤት ሄዶ፣ የያብሎንስኪ የቅስቀሳ ጽሑፍ ለአባላት እንዲላክ አስፈረደ። በጋዜጣው ጉዳይም ተሟግቶ ረታ። ከሁሉ በላይ ግን ለመንግሥት የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትር ለጆርጅ ሹልትዝ አቤት አለ፤ ምርጫው ሳይበላሽ መርማሪ ይላክልን አለ።

መልሱ፣ መሥሪያ ቤቱ ከምርጫ በፊት አይመረምርም፣ የሚል ሆነ።

እዚህ ላይ ሕጉን ላስረዳችሁ። በ1959 የወጣው ሕግ እንዲህ ይላል፦ በምርጫው ቅር የተሰኘ አባል አስቀድሞ በማኅበሩ ውስጥ አቤት ይበል። 3 ወር ጠብቆ ውሳኔ ካጣ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ በ1 ወር ውስጥ ለሚኒስትሩ ያመልክት። ሚኒስትሩ መርምሮ ጥፋት ካገኘ በ60 ቀን ውስጥ ክስ ይመሥርት። እስከዚያ ድረስ አሸናፊ የተባለው በወንበሩ ይቆያል። ማኅበር ነገሩን በቤቱ እንዲጨርስ ዕድል መስጠቱን አልነቅፍም። ግን አቤቱታ ሰሚው ያው ተከሳሹ ሲሆንስ? ሰው እየተደበደበ፣ ቆይ ምርጫው ይለቅ ይባላል? እኔ ይህን እስከ ዛሬ መቀበል አልቻልኩም። ምክንያቱም ሕጉ ለሚኒስትሩ ቀድሞ የመመርመር ሥልጣንም ሰጥቶት ነበር፤ ራውም ይህንኑ አንቀጽ እየጠቀሰ ወትውቷል።

ዲሴምበር 9 ድምፅ ተሰጠ። ቦይል 80,000 ያህል፣ ያብሎንስኪ 46,000 ያህል አገኙ ተባለ። ያብሎንስኪ ሽንፈቱን አልተቀበለም፤ ምርጫው ይመርመር አለ።

የዓመቱ መጨረሻ ሌሊት፣ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ክላርክስቪል ከሚገኘው ቤቱ ነፍሰ ገዳዮች ገቡ። እሱን፣ ሚስቱን ማርጋሬትንና ሴት ልጁን ሻርሎትን በተኙበት ገደሏቸው። አስከሬናቸው የተገኘው ጃንዋሪ 5 ቀን ነው፤ ያገኛቸውም የገዛ ወንድ ልጁ ነው። ወሬው ሲሰማ በዌስት ቨርጂኒያ 20,000 ያህል ቆፋሪዎች ሥራ አቆሙ። ለገዳዮቹ የተከፈለው ገንዘብም ከማኅበሩ ካዝና የወጣ ነበር፤ የአባላቱ መዋጮ!

አሁን መርማሪ ተላከ። ሚኒስቴሩ በማርች 1970 ማኅበሩን ከሰሰ። ግን ክሱን የያዘው መንግሥት ነው፤ ቅሬታውን ያቀረቡት ሠራተኞች የት ይቁሙ? ማይክ ትርቦቪች የሚባል ቆፋሪ፣ እኛም በችሎት እንሰማ ብሎ ጠየቀ። የሥር ፍርድ ቤቶች ከለከሉት። እሱ ግን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በጃንዋሪ 1972ም ተፈቀደለት፤ ሚኒስትሩ በከሰሰበት ነጥብ ላይ ብቻ ቢሆንም። ከዚህ ሁሉ ታሪክ እኔን ደስ የሚለኝ ይህ ነው። አቤቱታ ያቀረበ ሰው በገዛ ጉዳዩ ተመልካች ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም።

በዚያው ዓመት በሜይ ወር ዳኛ ዊልያም ብራያንት የ1969ኙን ምርጫ ሰረዘው። ዲሴምበር ላይ በመንግሥት ቁጥጥር ዳግም ድምፅ ተሰጠ። ቦይልን ያሸነፈው አርኖልድ ሚለር ነው፤ የከሰል አቧራ ሳንባውን የጎዳው የዌስት ቨርጂኒያ ቆፋሪ። ቦይል በ1974 ግድያውን በማዘዝ ጥፋተኛ ተባለ፤ በ1985ም እስረኛ ሆኖ ሞተ።

የያብሎንስኪ ሰዎች ምን አተረፉ ትሉኝ ይሆናል። በቦይል ዘመን የአብዛኛው ቀጠና መሪዎች ከላይ ይሾሙ ነበር፤ ከእሱ በኋላ አባላቱ ራሳቸው መረጧቸው። ኩባንያዎቹ ከማኅበሩ ጋር የሚፈራረሙት ውልም ቆፋሪዎቹ ድምፅ ሳይሰጡበት አይጸናም ተባለ።