ክር የሌለው ካሴት

ስልክን ከአሮጌ የመኪና ቴፕ ጋር ምን አግባባቸው? ፊሊፕስ ካሴትን በርሊን ላይ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፤ ያኔ የኪስ ስልክ የለም። ሆኖም ክሩን የሚያነበው የቴፑ ሄድ የሚያውቀው የማግኔት መለዋወጥን ብቻ ነው፤ መለዋወጡ ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መሐንዲሶች ይህቺን ነገር ተጠቅመው ክር የሌለው፣ ሽቦ የተቀጠለበት ካሴት ሠሩ። መጀመሪያ የታሰበው በእጅ ለሚያዝ ሲዲ ማጫወቻ ነበር፤ ስልክ በኋላ መጣ። የሙዚቃው ኤሌክትሪክ ካሴቱ ውስጥ ባለች ትንሽ ጥቅል ሽቦ ሲያልፍ፣ የማግኔት ኃይሏ ከሙዚቃው ጋር አብሮ ይለዋወጣል። ቴፑም ክር የሚዞር መስሎት ይሸወዳል!

የሚገርመው፣ አዲሱ የመኪና ሲዲ ማጫወቻ በዚህ አይሸወድም፤ የሚያነበው በሌዘር ነዋ! ስለዚህ የስልክ ገመድ መሰኪያም ሆነ ብሉቱዝ የሌለው መኪና ውስጥ፣ ለስልካችሁ ከሲዲው ይልቅ አሮጌው ቴፕ ይመቻል።